ወባም በሽታ ነው እንዴ?

የአልኮል ሽታ ሌላውን ሰው መርፌ ያስታውሰዋል፤ እኔን ግን ሠርጌን ነው የሚያስታውሰኝ። ባለፈው ሰሞን እዚሁ ሀዋሳ አንድ የግል ክሊኒክ ኮሪደር ላይ፣ በግራ ጎኔ ብቻ ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ፣ አንዲት ነርስ በአልኮል የራሰ ጥጥ ይዛ ባጠገቤ አለፈች። ልጄ ሂሩት ስለ ወረፋው የምታወራኝን ከዚያ በኋላ አልሰማኋትም። ሰውነቴ አግዳሚው ላይ ቀረ፤ እኔ ግን የአባቴ ሱቅ ጓዳ ውስጥ፣ የሽቦ አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ እንቀጠቀጥ ነበር። በግራ ጎኔ ብቻ ለምን እንደተቀመጥኩ በኋላ እናገራለሁ። በዚህ ዕድሜዬ አፍሬ የምደብቀው ነገር የለኝም፤ ቢኖረኝም ሐኪሞቹ አይተውታል።

የዛሬ ልጆች ሀዋሳን የሚያውቋት በአስፋልቷና በባጃጇ ነው። እኔ ያደግሁባት ሀዋሳ የጋሪ ከተማ ነበረች። ከፒያሳ እስከ ሐይቁ ዳር በጋሪ ለመሄድ አሥር ሳንቲም ይበቃ ነበር፤ ባለጋሪው ዘመድ ከሆነ ደግሞ እሷንም ይምርሻል። አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ የገዛ ሰው ዓሣውን በሽቦ አንጠልጥሎ መንገድ ለመንገድ ይመለሳል፣ ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ላይ እየተንጠባጠበ። በሃምሳ ሳንቲም የተገዛው ለቤተሰብ በቅቶ ለጎረቤት ይተርፋል። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ከፍቶ ነበር። መጀመሪያ አቡጀዲና ካኪ፣ ቀጥሎ ፖፕሊን፣ በመጨረሻ ቴትረን የመጣ ጊዜ ቴትረን። ቴትረን ሱሪ ያሰፋ ጎረምሳ ሲቀመጥ ተኩሱ እንዳይበላሽበት ጉልበቱ ላይ ቆንጠጥ አድርጎ ሳብ ያደርገዋል፤ ሱሪው ከላይ ጥብቅ ከታች ደግሞ መንገድ የሚጠርግ ነበር። ከሱቃችን ፊት ለፊት ያለው ቡና ቤት ሸክላ ማጫወቻ ነበረው። አንደኛው ሸክላ ተጭሮ ስለነበር ዘፋኙ መሃል ላይ ሲደርስ አንዲት ቃል ሦስት አራቴ ይደጋግማል። የሰፈሩ ልጆች ዘፈኑን የለመድነው እንደዚያ ስለሆነ ስንዘፍነውም ከነመደጋገሙ ነበር፤ ሌላ ከተማ ሄጄ ደህናውን ሸክላ ስሰማ ያበላሹት መሰለኝ። ጊዜው በማን መንግሥት ነበር ብትሉኝ ማሰብ ይኖርብኛል። የቴትረኑን ዋጋ ግን አሁኑኑ እነግራችኋለሁ፤ ሜትሩ ሰባት ብር፣ ለደንበኛ ስድስት ተኩል።

ያች ሀዋሳ ያማረች ነበረች ብዬ ልዋሽ አልፈልግም፤ ወባ ነበረባት። መስቀል አልፎ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ረግረጉ ሲሞቅ፣ ቢምቢው እንደ ጭስ ይነሳል። ወባ በየዓመቱ ደጅ የሚቆም፣ ማንም የማይደነግጥለት እንግዳ ነበር። ‘እከሌ ምን ሆኖ ቀረ?’ ሲባል ‘ምንም አልሆነም፣ ወባ ይዞት ነው’ ነበር መልሱ። ምንም አልሆነም! ሰውየው አልጋ ላይ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ የሌለ ሰው እየተጣራ፣ ምንም አልሆነም። የሀዋሳ ሰው በሽታ የሚለው ሐኪም ቤት የሚያስተኛውን፣ ስሙ ሲጠራ የሚያስደነግጠውን ነው። ወባማ ከዝናቡና ከጭቃው ጋር የሚቆጠር የአየር ጠባይ ነበር።

መድኃኒቱ መርፌ ነበር። ኪኒን የሚሰጥ ሐኪም ያኔ አይከበርም፤ ‘ሳይወጋኝ መለሰኝ’ ብሎ የሚያማው በሽተኛ ብዙ ነው። መርፌውን ቤት ለቤት የሚወጋው ደግሞ ድሬሰር ታደለ ነበር። ቀን ቀን መንግሥት ክሊኒክ ይሠራል፤ ከሥራ ሲወጣ ጥቁር ቦርሳውን ብስክሌቱ ላይ አስሮ ከፒያሳ እስከ ቡሹሎ ድረስ ይዞራል። ከወሎ ተመድቦ የመጣ ቀጭን ረጅም ሰው ነው፤ ሁልጊዜ ነጭ የፖፕሊን ሸሚዝ ይለብስ ነበር። ፖፕሊኑን ከማን እንደሚገዛ አውቃለሁ። ጓዳ ገብቶ ቦርሳውን ሲከፍት መጀመሪያ የሚወጣው የአልኮል ሽታ ነው። ትንሿን ማንደጃ ይለኩሳል፣ የብረቷን ሳጥን ውሃ ሞልቶ ይጥዳል፣ የመስታወት ሲሪንጋውና መርፌው ውስጡ ሲንኳኳ ይሰማል። ያን ጊዜ መርፌ ተወግቶ አይጣልም፤ ሲደንዝ በድንጋይ ይሞረዳል። ታዲያ ሰው ሁሉ ‘የታደለ እጅ ቀላል ነው፣ መወጋትሽን እንኳ አታውቂም’ ይል ነበር። እኔም እል ነበር። የሚያቃጥለኝ መድኃኒቱ ነው፣ እጁ አይደለም እያልኩ እከራከርለት ነበር።

ዓመት ጠብቆ ወባ ይይዘኛል፤ አንዳንዴም ዓመት ሳይጠብቅ። እናቴ ነጠላ ትዘረጋና ከሰውነቴ የአንዲት ብር ስፋት የምታህል ቦታ ብቻ አስቀርታ ሌላውን ሁሉ ትሸፍናለች። እሱ ፊቴን አያይም፣ እኔም የሱን አላይም። ሁለታችን የምንተዋወቀው በዚያች ቦታ በኩል ነበር ማለት ይቻላል። ሽማግሌ የላከብኝ ቀን አባቴ ‘መርፌ ተሸክሞ ለሚዞር ልጅ ልጄን አልሰጥም’ ብሎ ሲኮሳተር፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ‘ኧረ ጌታው፣ ልጁ ያየውን አይቶ ነው የመጣው!’ አሉት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባቴም መሳቁን ከጀመረ በኋላ መልሶ መቆጣት አቃተው። ታደለ በዚሁ ባሌ ሆነ፤ አርባ ምናምን ዓመት አብረን ኖርን፤ አምና ሞተ።

እንግዲህ ወደ እብጠቱ ልምጣ። ባሌ ከሞተ በኋላ ከሳሁ። መክሳቴን ያወቅሁት በቀሚሴ ነው እንጂ ሚዛን ላይ ወጥቼ አይደለም፤ የጨርቅ ነጋዴ ልብሷ ሲሰፋት ታውቃለች። ስከሳ ጊዜ ሥጋዬ ደብቆት የቆየ ነገር ወጣ። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ስቀመጥ በቀኝ በኩል፣ መቀመጫዬ ሥጋ ውስጥ፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ቤት ገብቼ ስዳስሰው ጠጣር ነው፤ የካፖርት ቁልፍ ያህላል፤ ብጫነው ብዙ አያመኝም፣ ግን ቦታውን አይለቅም። ለማን ይነገራል? ለሂሩት ‘ወገቤን ያመኛል’ አልኳት። ወገቧን የሚያማት ሴት በአንድ ጎን እንደማትቀመጥ ልጄ ታውቃለች፤ ዓይኗ እንደ አባቷ ነው። አውጣጥታ አውጣጥታ እውነቱን አስነገረችኝና በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

የመጀመሪያው ሐኪም ወጣት ነው፤ ትሁት፣ ንጹሕ፣ ‘እማማ’ እያለ የሚያናግር። አነሳሱም አያያዙም ደህና ነበር። ራጅ አስነሳኝ፣ በአልትራሳውንድም ታየሁ።

‘ከዚህ በፊት ቦታው ላይ ተመተው፣ ወድቀው ያውቃሉ?’ አለኝ።

‘የለም።’

‘የታመሙት ነገርስ አለ?’

‘ስኳር ብቻ፤ እሱንም በኪኒን ይዤዋለሁ። ሌላ ታምሜ አላውቅም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።’

ራጁን አንስቶ ብርሃን ላይ አየው። ‘እማማ፣ ውስጡ የጠጠረ ነገር አለ። ደግ ሊሆን ይችላል፣ ክፉም ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ የሚጠጥሩ ክፉ እብጠቶች አሉ። መነሻውን ካላወቅን ዳር ዳሩን ጨምረን ቆርጠን አውጥተን ማስመርመር ነው የሚሻለው።’ ቀን ቆረጠልኝ።

ሂሩት ቶሎ ይሁን አለች። እኔ ግን ፈራሁ። የፈራሁት ቢላዋውን ብቻ አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው ቁስል ምን እንደሚመስል አይቻለሁ፤ ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ከእግሯ ጣት የጀመረ ትንሽ ቁስል አልድን ብሏት ስትሰቃይ እግሯን ያጠብኩላት እኔ ነኝ። የኔ ደግሞ የምቀመጥበት ቦታ ነው። ቢቆረጥና ባይድን ቀሪ ዕድሜዬን በሆዴ ተኝቼ ላሳልፍ ነው። ባይቆረጥና ክፉው ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ዕድሜ የሚባለውም አይቀረኝም። በሁለቱ መሃል ቆሜ ቀረሁ።

ያን ጊዜ ነው የአባቴ ሱቅ ትምህርት ትዝ ያለኝ። ጨርቅ የሚገዛ ሰው አንድ ሱቅ ብቻ ገብቶ አይገዛም። ሁለተኛው ሱቅ ሲገባ ደግሞ የመጀመሪያው የጠራውን ዋጋ አይናገርም፤ ከተናገርሽ ሻጩ ሃምሳ ሳንቲም ቀንሶ ‘ለአንቺ ብዬ ነው’ ይልሻል። አፍሽን ዘግተሽ ጨርቁን እያገላበጥሽ፣ ‘ስንት ነው?’ ብቻ። ሁለቱ ሳይነጋገሩ አንድ ዋጋ ከጠሩ፣ ያ የገበያው እውነተኛ ዋጋ ነው። በዚህ መንገድ ዕድሜዬን ሙሉ ገዝቼ ሸጬ አልተሞኘሁም።

‘ሌላ ሐኪም እንይ፤ ሴት ፈልጊልኝ’ አልኳት ለሂሩት።

‘እማዬ፣ ዶክተሩ ቢሰማ ናቁኝ አይልም?’

‘ከማን ይሰማል? ለሁለተኛዋም አንነግራትም። ራጁን ቤት ተይው።’

‘ራጁን? እንዴት ነው ታዲያ የምታይሽ?’

‘በእጇና በዓይኗ። ሐኪም ከሆነች ራሷ ትድረስበት።’

ሂሩት ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ትልቁን ቦርሳዋን አነሳች። ከኔ ጋር መከራከር ከአባቷ ጋር ከመከራከር እንደማይሻል ታውቃለች።

ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ካለው ቤታችን ተነስተን በባጃጅ ሄድን፤ እኔ በአንድ ጎኔ፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር የባጃጁን ብረት ጨብጬ። እንግዲህ ያች የአልኮል ጥጥ ያለፈችብኝ እዚያ ነው። ስሜ ተጠርቶ ስገባ ሐኪሟ ጠና ያለች ሴት ሆና አገኘኋት፤ ጸጉሯ ሸበት ጀምሮታል፣ መነጽሯን ደረቷ ላይ አንጠልጥላለች። ከፊቴ የገቡትን አዛውንት በሲዳምኛ ስታሰናብታቸው ሰማሁ፤ ለኔ በአማርኛ ‘ኑ እናቴ፣ ግቡ’ አለችኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ተኛሁ። በግራ እጇ ቆዳውን ወጠር አድርጋ በቀኟ ዳሰሰችው፤ ዙሪያውን ዞረችው፣ አነቃነቀችው። እኔ ግድግዳውን እያየሁ አባቴ ጨርቅ በሁለት ጣቱ አሽቶ ጥጥ መሆኑንና አለመሆኑን የሚለይበትን አስባለሁ።

‘ለሌላ ሐኪም አሳይተውታል?’

‘አላሳየሁም’ አልኩ። ሂሩት ከመጋረጃው ማዶ ስታስል ሰማኋት።

‘መቼ ነው የጀመረዎት?’

‘አሁን በቅርብ ነው ያየሁት።’

‘ከዚህ በፊት ምን ታመው ያውቃሉ?’

‘ስኳር ብቻ።’

እጇን ታጥባ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ለብሼ ስመጣ ሳታስፈራራኝ፣ ሳታባብለኝም ነገረችኝ። ‘እናቴ፣ ጠጣር ነው፤ በቅርብ የወጣም ከሆነ አላምነውም። ለማንኛውም ራጅ እንነሳ፣ ግን ወጥቶ መመርመር ያለበት ይመስለኛል።’

ይኸው፤ ሁለቱ ሱቆች አንድ ዋጋ ጠሩ። በኔ ሕግ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እኔ ግን ዋጋው ትክክል ሲሆን ደስ እንደሚል እንጂ እንዲህ እንደሚያስፈራ አላውቅም ነበር። ዓይኔ እንባ ሞላ። ‘ኖርኩ፣ ልጅ አሳደግሁ፣ ይበቃኛል’ የሚል ሰው አልሆንኩም፤ መኖር አማረኝ። ሂሩት ያን ጊዜ ከወንበሯ ተነሳችና ከትልቁ ቦርሳዋ ራጁን መዘዘችው። ቤት ተይው ያልኳት ራጅ!

‘ዶክተር ይቅርታ፣ እናቴ ተሳስታ ነው። ሌላ ሐኪም አይቷታል፤ ይኸው ራጇ።’

‘አልተሳሳትኩም’ አልኩ እልህ ይዞኝ። ‘ጨርቅ ሲገዛም ሁለት ሱቅ ይጠየቃል፤ ሁለታችሁ ሳትነጋገሩ ምን እንደምትሉ ልይ ብዬ ነው።’

ሐኪሟ መነጽሯን አደረገችና በመነጽሩ ላይ አየችኝ። ‘እናቴ፣ እኔ ሱቅ አይደለሁም። ገበያ ላይ ዋጋ ይደበቃል፤ ሐኪም ጋ የተደበቀ ነገር ጉዳቱ ለሰውነትዎ ነው። ሰውዬው የለፋበትን ደብቀው እኔን በጨለማ ሰደዱኝ፣ እኔም በጨለማ ተናገርኩ።’ ራጁን መስኮቱ ላይ ለጥፋ ቆይታ አየችው። ከዚያ ‘ይህ በቅርብ የወጣ ነገር አይደለም’ አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ። ‘ዙሪያውን በነጭ ታስሯል፤ እንዲህ እስኪሆን ዓመታት ይፈልጋል። መርፌ ይወጉ ነበር?’

‘እኔ? ታምሜ አላውቅም አልኩሽ እኮ።’

‘የተወለዱት የት ነው?’

‘እዚሁ። አባቴ ገበያው ጋ ሱቅ ነበረው።’

‘እኔም የዚሁ ልጅ ነኝ’ አለችና ድምጿን ለወጠች። ‘ወባስ? ወባ ይዞዎት አያውቅም?’

‘ወባማ ማን ያልያዘው ሰው አለ! በየዓመቱ ነበር የሚይዘኝ። ወባም በሽታ ነው እንዴ?’

ሐኪሟ ሳቀች፤ ሂሩትም ሳቀች፤ እኔ ግን ምኑ እንዳሳቃቸው ገና አልገባኝም ነበር።

‘በምን ነበር የሚታከሙት?’

‘በመርፌ ነዋ።’

‘የት ቦታ?’

ጣቴ ሳላዝዘው ወደ ቀኝ ጎኔ ሄደ።

‘ሁልጊዜ በቀኝ በኩል?’

‘አልጋዬ ግድግዳ ጥግ ነበር። በግራ በኩል ሰው መቆሚያ የለውም።’

ሐኪሟ ራጁን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። የድሮው የወባ መርፌ ሥጋ የሚያቃጥል ከባድ መድኃኒት እንደነበረ፣ አንድ ቦታ ተደጋግሞ ሲወጋ ውስጡ ያለው ሥጋ ሊሞትና ሰውነት በጠባሳ ከብቦ ሊያጠጥረው እንደሚችል፣ ሥጋ ሲኖር ተሸፍኖ ሲከሱ እንደሚወጣ በቀስታ አስረዳችኝ። ‘መሆኑን ግን ገና አላወቅሁም’ አለች። ‘የመጀመሪያው ሐኪም ያለው ስህተት አይደለም፤ ታሪኩን ነፍገውት ከዚያ የተሻለ ሊል አይችልም። ከመቁረጣችን በፊት በመርፌ ናሙና እንውሰድና ይመርመር። ክፉ ከሆነ ይቆረጣል፣ ስኳርዎንም አስተካክለን እንጠነቀቃለን። ካልሆነ አንነካውም።’ ከዚያ እንደ ዋዛ ‘ማን ነበር የሚወጋዎት?’ ብላ ጠየቀች።

ሂሩት ቀደመችኝ። ‘አባቴ’ አለች።

ሐኪሟ ቀና አለች። ‘ባለቤትዎ?’

‘ያኔ ገና ባሌ አልነበረም’ አልኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም ፊቴ እንደ ልጃገረድ ሲቀላ ተሰማኝ።

ናሙናው የዚያኑ ዕለት ተወሰደ። መርፌዋ የአንድ ጊዜ ናት፤ ከላስቲኳ ወጥታ፣ ሥራዋን ሠርታ፣ ቆሻሻ ውስጥ ተጣለች። ሞረድ የለ፣ መቀቀል የለ። ውጤቱ እስኪደርስ ግን ቀኑ አልሄድልኝ አለ። ሂሩት ልታዝናናኝ ብላ ሐይቅ ዳር ወስዳኝ የዓሣ ሾርባ አዘዘችልኝ፤ ማንኪያውን ይዤ ጀልባ ስቆጥር ቀዘቀዘ። በዚያ ሰሞን ስለ ባሌ ያሰብኩት ነገር የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። ሰው ባሏን አመስግና ትቀብራለች፤ እኔም ልቅሶው ላይ ‘እጀ ቀላሉ፣ እጀ መድኃኒቱ’ እያልኩ ነው ሙሾ ያወረድኩለት። አሁን ግን እጁ ከባድ የነበረ እንዲሆን ስለት እስከ መሳል ደረስኩ። እብጠቱ የሱ መርፌ ካልሆነ ክፉው ነው፤ ስለዚህ ‘ገብርኤል ሆይ፣ ባሌን እጀ ከባድ አድርገው’ ብዬ ጸለይኩ። እንዲህ ያለ ጸሎት ደብሩ ከተተከለ ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ደግሞም ታደለን እንደ ጻድቅ አድርጌ ላወራላችሁ አልፈልግም። ችኮ ነበር። ‘ሰው ታሞ እበላለሁ?’ ብሎ እየተነሳ የሠራሁት ወጥ ስንት ጊዜ ረግቷል። ለወጋበት ገንዘብ መጠየቅ ያፍራል፤ ሰዉ በገንዘብ ፈንታ ዶሮ ሲሰጠው ብስክሌቱ ላይ አስሮ ይመጣና ግቢዬን ያስጭርብኛል። አንድ ነገር ‘አይሆንም’ ካለ ታቦር ተራራ ይነቀላል እንጂ እሱ አይነቃነቅም። በተጣላን ቁጥር እናቴ ቤት ሄጃለሁ፤ በሄድኩ ቁጥር መጥቶ በሩ ላይ የብስክሌቱን ደወል ያቃጭላል፣ አይገባም፣ ይቅርታም አይልም፣ ደወሉን ብቻ ያቃጭላል። እናቴ ‘ውጪለት እንጂ፣ ጆሯችንን አደነቆረው’ ትለኛለች። እወጣለሁ። ከሞተ በኋላ ልብሱን እንደ ወጉ ለነዳያን ሰጠሁ። ያን ጊዜ አልቅሼ የወጣልኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ አልወጣልኝም ነበር።

ሐኪሟ ያስጠራችን ቀን ሂሩት እጄን ይዛ ገባች። ሐኪሟ ሳንቀመጥ ነገረችን፤ ይህን መልካምነቷን አልረሳውም።

‘እናቴ፣ ክፉ ነገር የለበትም። ያልኩዎት ነው። የድሮ መርፌ ነው።’

ሂሩት ‘ተመስገን!’ ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ረስቼው በቀኝ ጎኔ ተቀመጥኩና ቆረቆረኝ። ለመጀመሪያው ሐኪምም ራሴ ሄጄ እንደምነግረው፣ የቆረጠልኝንም ቀን እንዲሰርዘው እንደምለምነው ነገርኳት። ‘ይቅርታም ይጠይቁት’ አለችኝ፤ እሺ አልኩ። ወባዬንም እንደምነግረው ቃል ገባሁ።

‘አሁን ምርጫው የእርስዎ ነው’ አለች ሐኪሟ። ‘ዝም ካልነው ምንም አይልዎትም። ስቀመጥ አስቸገረኝ ካሉ ግን ስኳርዎ ሲስተካከል ዳር ዳሩን ሳልነካ እሱን ብቻ በትንሹ ላወጣው እችላለሁ። ቁስሉም ትንሽ ነው፣ አያስፈራም።’

‘ይውጣላት ዶክተር!’ አለች ሂሩት። ‘ባጃጅ ውስጥ እንኳ መቀመጥ አልቻለችም። ቤተ ክርስቲያንም ቆማ ነው የምታስቀድሰው።’

‘ይቀመጥልኝ’ አልኩ።

‘እማዬ! ፍርሃቱ አለፈ እኮ። ያስቸግረኛል እያልሽ ስታማርሪ አልነበር?’

‘ያስቸግረኛል።’

‘ታዲያ?’

‘አባትሽስ አርባ ዓመት ሙሉ ሲያስቸግረኝ አልነበር? ቆርጬ ጣልኩት?’